መሰንቆው ያልተሰማበት ማለዳ

ሬሳው የተገኘው ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግበት፣ ዓሣ አጥማጅ እንኳ መረቡን ለመጣል በማይደፍርበት የሐይቁ ጥግ ነው። ታንኳው ተገልብጧል። ሰውየው በአፍ ጢሙ ተደፍቶ፣ ጋቢው ጀርባው ላይ ተንሳፍፎ፣ ግንባሩ ተፈንክቶ ነበር። ደንገሉን በማጭድ እያጨዱ ካልሆነ ሊያወጡት አልቻሉም።

ሌላ ሰው ቢሆን ወሬው ውጫሌ እንኳ ሳይደርስ ይቀር ነበር። የሞተው ግን ዘይኑልአቢዲን ነው፤ ከሐይቁ ሥር ሌላ አገር አለ ብሎ፣ ያንን አገር በየመጽሐፉ እየገነባ አንባቢውን ሁሉ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ያኖረው ደራሲ። በእሱ አገር ነገሥታቱ አምባዛ ይጋልባሉ፤ የከተማዋ በሮች የሚከፈቱት በዜማ እንጂ በቁልፍ አይደለም። ትዝታ የሐዘኑን በር ይከፍታል፣ ባቲ የጦርነቱን፣ አንቺ ሆዬ የፍቅሩን። አምባሰል ሲመታ ግን ወደ ቤት የሚያስገባው በር ይከፈታል፤ የጠፋ ሁሉ የሚመለሰው በዚያ ነው። ያነበበ ሁሉ የሰውየውን ምናብ ያደንቅ ነበር። ምናብ ብቻ አለመሆኑን ማን ጠርጥሮ!

ኢንስፔክተር ሰሚሃ ከደሴ ተጠርታ ስትደርስ ሐኪሞቹ አይተውት፣ ጀናዛውም ተቀብሮ ነበር። ሰሚሃ የአምባሰል ልጅ ናት፤ አጭር፣ ቁጥብ፣ ጥያቄ ጠይቃ ከመልሱ ይልቅ መላሹን የምታይ ሴት። የጣቢያው አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ፊቱ ላይ የሠርግ ደስታ ይነበባል።

«በከንቱ ደከምሽ። ገዳዩ ተይዟል» አላት።

«ማን ነው?»

«መሰንቆ መቺው፣ ሙስዓብ።»

ነገሩን አስረዳት። ደራሲው ሁልጊዜ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ብቻውን ታንኳ ይዞ ሐይቁ መሃል ይገባል። ሙስዓብ ደግሞ ከደራሲው ግቢ በታች፣ ከራሱ ቤት ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሰውየው እስኪመለስ መሰንቆውን ይገዘግዛል። ደራሲው ያለ ዜማ ድርሰት አይመጣለትም ይባላል። ሐይቅ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም፤ ከተለመደ ወዲህ ደግሞ ልብ የሚለውም የለም።

«ለዓመታት አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም» አለ አዛዡ። «ሰውየው በሞተባት ማለዳ ግን አልመታም። ለምን ስንለው ዝም። በዋዜማው ሁለቱ ምሳ ላይ ሲጯጯሁ ተሰምተዋል። ይህ ሁሉ ይቅር። ዓሣ አጥማጁ ኑርዬ የደራሲው ታንኳ ስትዘገይበት እንፈልግ ብሎ ሊጠራው ቢሄድ፣ መሰንቆው ጭራው ላልቶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሎ ያገኘዋል። የሙስዓብ ቤት ደንብ ነው፤ ከሰፈሩ ሰው ሲሞት መሰንቆው እንዲያ ይደረጋል። ታዲያ ሬሳው ሳይገኝ ማን ነገረው? ጅራፍ እራሱ ገርፎ እራሱ ይጮሃል ማለት ይኸው አይደል?»

ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰሚሃ ያልወደደችውም በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው። ሰው ገድሎ፣ አስቀድሞ ሐዘን የሚቀመጥ፣ መሰንቆውንም ጎረቤት በሚያይበት ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሞኝ ገና አላጋጠማትም።

ሙስዓብ የጣቢያው ወለል ላይ ጋቢውን አንጥፎ ተቀምጧል። ጺሙ ሸብቷል። ሥራ ያጡት ጣቶቹ የጋቢውን ጥለት ይነካካሉ።

«አባ ሙስዓብ፣ ከጋሼ ዘይኑ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«በመጨረሻው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ስምህን ከስሜ አጠገብ አወጣለሁ ይላል። እኔ ደግሞ አይሆንም አልኩ። መሰንቆ መቺ ነኝ፤ ማንበብስ መች እችልና!»

«ጠቡ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። እሱ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ፤ ከዚያ ቆሎ ተካፍለን ቃምን።»

«ደግ። ያን ማለዳስ ለምን አልመቱም?»

ሙስዓብ ጥለቱን መነካካት አቆመ።

«ይህን ካልነገሩኝ ከዚህ ወደ ደሴ ይወስዱዎታል። ከዚያ ወዲያ እኔም አልደርስልዎ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አለ በቀስታ። «ቢሰቅሉኝም አልችልም። የምናገረው የኔ ነገር አይደለም።»

ይህን ጊዜ ጎረቤቱ ዙለይሃ በሳህን ምሳ ይዛ ገባች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለእስረኛም ለአሳሪም እኩል የምትቆጣ ሴት ናት። «እስቲ ብላ ወንድሜ! እንዲህ ከስተህ ልጄ ሱንዱሴ ብታይህ ምን ትለኝ? ለአረፋ ትመጣለች እኮ። ስልኳ ከጠፋ ሰነበተ እንጂ፣ ብትሰማማ ጅዳን ገልብጣ በመጣች! በመሰንቆህ እሹሩሩ ያልካት ልጅ!» አለችና ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች።

ሙስዓብ ጎረሰ፤ መዋጥ ግን አቃተው። ሲያስሩት እንባ ያልወጣው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምን አልኩት? ኧረ በአላህ ምን አልኩት?» አለች ዙለይሃ።

ሰሚሃ ዐይኗን ከሙስዓብ አላነሣችም። ይህን ፊት የሆነ ቦታ ታውቀዋለች። የት እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣላትም።

የደራሲው ቤት ከሐይቁ በላይ ካለው ተረተር ላይ ነው። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ መስኡዳ ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጣለች። ሰሚሃን የመጻፊያ ክፍሉን ያሳየቻት ኢልሀም ነበረች። ኢልሀም ከሪያድ ተመልሳ ለደራሲው የምትጽፍለት ወጣት ናት፤ እሱ እየተናገረ እሷ በኮምፒውተር ትከትባለች።

«ራሱ ለምን አይጽፍም ነበር?» አለች ሰሚሃ።

«እጁን ያመው ነበር። ማታ ማታ ግን እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጦ የጻፍኩትን እያነበበ ያርመው ነበር።»

ሰሚሃ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ያለው አንድ አምፖል ነው፤ ሆዱ ጠቁሮ ሸረሪት ድር አድርታበታለች። ማብሪያውን ተጫነችው። አልበራም።

«መብራት ጠፍቶ ነው» አለች ኢልሀም።

ከማድ ቤት የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል። ሰሚሃ ጥያቄዋን ቀየረች።

«እስቲ ስለ ዜማው ንገሪኝ።»

የኢልሀም ፊት በራ። «ያለ መሰንቆ አንድ መስመር አይወጣውም ነበር። ጦርነት ሲጽፍ ሙስዓብን ባቲ ያስመታዋል። ፀሐይ ወጣች፣ በቃህ ለማለት ሙስዓብ ወደ አምባሰል ያዞርለታል፤ ያን ጊዜ ይመለሳል። መጽሐፎቹን አንብበሻቸዋል? አንድ ንጉሥ አለ፤ ጨለማ ውስጥ ሆኖ የአንዲት ጭራ ድምፅ ተከትሎ ቤቱ የሚገባ። እኔ አረብ አገር፣ የሰው ማድ ቤት ወለል ላይ ተኝቼ እሱን ነበር የማነበው። ሰዎች ምናብ ይሉታል እንጂ ሁሉም ሕይወቱ ነው። ከውሃ ሥር ደበቀው እንጂ።»

ሰሚሃ ልጅቱን ወደደቻት። ኋላ ላይ ከሁሉ የቆጫት ይኸው ነው።

«ምሳው ላይ የሙስዓብን ስም አወጣለሁ ሲል ነበርሽ?»

«ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ደስ አለኝ» አለች ኢልሀም። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ግን የለም።

ሰሚሃ መስኡዳን ለብቻዋ ማድ ቤት አገኘቻት።

«እትዬ መስኡዳ፣ የክፍሉን አምፖል ለምን አልቀየራችሁትም?»

አሮጊቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ለማን ብዬ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ወንድሜ ብርሃን ካየ ቆይቷል። ስኳሩ ነው ዐይኑን የበላው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፤ እንዳይታዘንለት። ቤቱን በልምድ ያውቀዋል፣ በእጁ ሳይዳብስ ይሄዳል፤ ማን ይጠርጥር? ከኔና ከኢልሀም በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ሙስዓብስ?»

«ሙስዓብማ ቢያውቅ ታንኳ ላይ ያስወጣው ነበር? እሱን ነው ይበልጥ የደበቀው።»

«ታዲያ ብቻውን ገብቶ እንዴት ይመለስ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? ሁልጊዜ ይመለሳል እኮ። ያን ቀን እኔ ውጫሌ ሰርግ ነበርኩ። ብኖርስ ምን አደርግለት ነበር፣ ያረቢ!»

በማግስቱ ማለዳ ሰሚሃ ከኑርዬ ጋር ታንኳ ላይ ወጣች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሐይቅ ላይ ግን ጭጋጉ ካልተነሣ ንጋቱም አይጠራም። መሃል ሲደርሱ ሻሿን ፈታ ዐይኗን አሰረች።

«አሁን ታንኳዋን አዙራት፣ ኑርዬ። እኔ የጋሼ ዘይኑ ቤት ወዴት እንደሆነ በጆሮዬ ልፈልግ።»

ኑርዬ የፖሊስ ነገር እያለ በሆዱ እየሳቀ አዞራት። ሰሚሃ አዳመጠች። የወልድያ መንገድ መኪና ይሰማል፣ ባጃጅ ይሰማል፣ ደወል ይሰማል። ሁሉም ተራራውን እየመታ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል። በመጨረሻ እጇን ዘረጋች። «ወደዚህ።»

«ኢንስፔክተር፣ እሱ እኮ እስጢፋኖስ ገዳም ነው! ቤቱ ከጀርባሽ ነው» ብሎ ኑርዬ ሳቀ።

ሰሚሃ ሽፍታ ፊት ቆማ ያልፈራችውን ያህል ፈራች። ሻሹን ከዐይኗ ስታነሣም የምታየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው።

«ያን ማለዳ ውሃው ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ እንጂ። ጋሼንም ሰምቼዋለሁ። እንደ ልማዱ ‹በለው ሙስዓብ! በለው!› ይላል። ዛሬማ ድርሰቱ ሰምሮለታል ብዬ ሳቅሁ።»

«መሰንቆውንስ ሰማኸው?»

ኑርዬ መቅዘፉን አቆመ። «መሰንቆው... ወላሂ፣ መሰንቆውን አልሰማሁም።»

«ታዲያ ያልተመታውን ምኑን ነው በለው የሚለው?»

ሰውየው እያሞገሰ ሳይሆን እየለመነ እንደነበር ለኑርዬ ገባው። ታንኳዋን አዙሮ ሬሳው ወደተገኘበት ደንገል ወሰዳት። እዚያ ከውሃው በታች የሰመጠ የዛፍ ጉቶ አለ፤ ጎኑ ላይ ከደንገል ታንኳው ተፍቆ የቀረ ገለባ ተጣብቋል። ግንባሩን የፈነከተው ይኸው ነው። ማንም አልመታውም። ቤቱን ሲፈልግ፣ ቤቱ ባልሆነበት በኩል ባለ በሌለ ኃይሉ ቀዝፎ የመጣ ሰው ነው።

«‹በለው› ማለቱን ለማንም እንዳትናገር፣ አደራ» አለችው። «በተለይ ለሙስዓብ።»

ሲመለሱ የሙስዓብ ፊት ትዝ አላት፤ ያንን ፊት የት እንደምታውቀውም መጣላት። ከታንኳው ወርዳ በቀጥታ ወደ ዙለይሃ ቤት ሄደች። ጅዳ ያለች አንዲት የሱንዱስ ጓደኛ ስልክ ተቀብላ፣ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች።

ሰደቃው በሚበላበት ቀን ድንኳኑ ሥር ሁሉንም አንድ ጥግ ሰበሰበቻቸው፤ መስኡዳን፣ ኢልሀምን፣ ዙለይሃን፣ ኑርዬን። ሙስዓብን አዛዡ ራሱ ይዞት መጣ።

«ከመሰንቆው ልጀምር» አለች ሰሚሃ። «አባ ሙስዓብ መሰንቆውን የሚያላላው ሰው ሲሞት ነው። አዛዣችን ‹የጋሼ ዘይኑን ሞት ቀድሞ ያወቀ ገዳዩ ነው› አለ። ያዘነው ለጋሼ ዘይኑ ከሆነ ልክ ነው። ለሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«ከሰፈሩ ሌላ የሞተ የለም» አለ አዛዡ።

«የተለቀሰለት የለም በል። መርዶ ደርሶ ሳይነገር የሚቆይበት ጊዜ አለ አይደል?»

እዚያ ከተቀመጠው ሰው ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም አረብ አገር የሌለው አልነበረም።

«እኔ መርዶ ይዤ አውቃለሁ» አለች ሰሚሃ። «ውጫሌ ነው። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ እናትየው ቤት ተቀመጥኩ። ልጇ መሞቱን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም፤ ‹ብይ እንጂ› እያለች ታጎርሰኛለች። ያ ጉርሻ እንዴት አልዋጥ እንደሚል አውቃለሁ። ጣቢያው ውስጥ አባ ሙስዓብ ላይ ያንኑ ፊት አየሁ። ያጎረሰችው ደግሞ...»

ዙለይሃ ቀስ ብላ ተነሣች። «የኔ ሱንዱስ?» አለች። ሳቋ ሁሉ ከፊቷ ወርዷል። «ሱንዱሴን ነው?»

«አብሽሩ፣ እትዬ ዙለይሃ! ስልክዎን ያንሡ!»

ስልኩ መጮህ ጀምሯል። ዙለይሃ ከፈተችው፤ መስታወቱ ላይ በፀሐይ የጠቆረች ልጅ ብቅ አለች። «እማ! በረሃ ነበርን፣ ከእመቤቶቼ ጋር። ኔትወርክ የለም። ምን ሆናችኋል? ፖሊስ እየፈለገሽ ነው አሉኝ እኮ!»

ሙስዓብ አዛዡን ገፍቶ ተነሣ። «ሱንዱስ! ነፍስሽ አለች?»

«አባባ ሙስዓብ? ምን ዓይነት ጥያቄ...» እያለች መስመሩ ተቋረጠ።

ዙለይሃ ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ትስቅ ታለቅስ ጀመር። እናትን እንዲህ ማስደንገጥ ግፍ ነው፤ ሰሚሃም ታውቀዋለች። ግን ሙስዓብ ልጅቱን በዐይኑ ሳያይ፣ ቢሰቅሉትም አፉን እንደማይከፍት ታውቅ ነበር።

«አሁን አደራው ወርዶልዎታል፣ አባ ሙስዓብ። መርዶውን ማን ነገረዎት?»

ሙስዓብ ዞሮ አያት። «ኢልሀም» አለ፤ ክስ ሳይሆን ግራ መጋባት ነው ድምፁ ላይ የነበረው። «አመሻሹ ላይ መጣች። ‹ሱንዱስ ሞታለች፣ ከዚያ ያሉ ጓደኞቼ ደወሉልኝ፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪያረዳት አደራ› አለችኝ። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። የዙለይሃ ልጅ ሞታ፣ እኔ በሯ ሥር መሰንቆ ልምታ? ዝም አልኩ። ግን ልጄ፣ ለምን?»

ሰሚሃ መልሱን ታውቃለች። መልሱን ከተናገረች ሙስዓብ ነፃ ይወጣል፤ መልሱን ከተናገረች ሙስዓብን የሚያድነው የለም። ወደ መስኡዳ አየች። አሮጊቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። «ተናገሪው እንግዲህ» አለች።

«ጋሼ ዘይኑ ዐይኑ አያይም ነበር» አለች ሰሚሃ። «ክፍሉ ውስጥ ያለው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቶ ሸረሪት ቤት ሠርታበታለች፤ የሚያስፈልገው ሰው ስላልነበረ። ኢልሀም ግን ማታ ማታ እዚያ ያነብ ነበር ብላ ነገረችኝ። መስኡዳም ደብቃለች፤ ግን ስጠይቃት አለቀሰች እንጂ አልዋሸችም፣ ያን ቀንም እዚህ አልነበረችም። ኢልሀም የዋሸችው፣ ዐይኑ አለማየቱ ከታወቀ መሰንቆው ምን ይሠራ እንደነበር ስለሚታወቅ ነው። ውሃው ላይ ዐይኔን አስሬ ሞክሬዋለሁ። ደወሉም፣ መኪናውም ከየተራራው ነው የሚመለሰው። ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ከዚያችው ድንጋይ ላይ የሚመጣ ድምፅ አንድ ነው።»

«ለድርሰቱ ነው» አለ ሙስዓብ። «ለድርሰቱ ነበር የምመታለት።»

«ለድርሰቱም ነበር» አለች ሰሚሃ፤ ከዚህ በላይ መጨመር አቃታት።

ኢልሀም አልሸሸችም፤ አላለቀሰችምም። «አልነካሁትም» አለች።

«አልነካሽውም» አለች ሰሚሃ።

«ሪያድ ሳለሁ ከእኔ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ነበር የሚጠሩኝ። አዲስ ስም መልመድ ሰልችቷቸው። እዚህ መጥቼ ዐይኑ ሆንኩ። የጎደለውን እየሞላሁ፣ ያጣመመውን እያቃናሁ ጻፍኩለት። የመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ስምሽ ይወጣል ብሎኝ ነበር። ምሳው ላይ ግን ማንበብ ለማይችል ሰው፣ አልፈልግም ለሚል ሰው ሰጠው። እኔ ሻይ ስቀዳ መኖሬንም የረሳ ይመስለኛል።»

«እና እንዲሞት ፈለግሽ?»

«እንዲጠፋ ነው የፈለግሁት! ለአንድ ማለዳ። መሰንቆው ዝም ሲል መንገዱ ይጠፋዋል፤ ያን ጊዜ እኔ ከዳር ሆኜ ልጠራው፣ በእኔ ድምፅ እንዲመለስ። ማን እንደምታስፈልገው እንዲያውቅ።» እጆቿን አየች። «ወረድኩ። ዳር ቆምኩ። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ከጭጋጉ ውስጥ የሙስዓብን ስም ሲጠራ ሰማሁት። ከዚያ... አልጠራሁትም።»

ኑርዬ ደንግጦ ወደ ሰሚሃ አየ። ሰሚሃም አፏን ልትይዛት ብትችል በወደደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልጅቱ የተናገረችውን መመለስ አይቻልም። ሙስዓብ ግን አጎንብሶ ነበር፤ መስማቱም አለመስማቱም ከፊቱ አይለይም።

ኢልሀምን ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ሲወጡ አዛዡ ወደ ሰሚሃ ጆሮ ጠጋ አለ። «በምን አንቀጽ ነው የምንከሳት? ውሸት ተናገረች ብለን? ዝም አለች ብለን?»

«ፈልግ። እኔም እፈልጋለሁ።»

እንደማይበቃ ታውቃለች። ልጅቱ ነገ ቃሏን ብትለውጥ የሚቀረው የአንድ መሰንቆ መቺ ቃል ነው። ለሃያ ዓመት ሥራዋን ስትሠራ፣ እውነቱን አግኝቶ ባዶ እጅ መቅረት እንዲህ እጇን አዝሎት አያውቅም።

መስኡዳ ወንድሟን እየጠራች ታለቅሳለች። አዛዡ የሙስዓብን የእጅ ካቴና ፈታ። ሙስዓብ የተፈታውን እጁን አላሸም፤ ተነሥቶም አልሄደም።

«ኢንስፔክተር» አለ። «ከጭጋጉ ውስጥ ስሜን ጠራ አይደል ያለችው? ጠርቶኝ ነበር?»

ኑርዬ አቀረቀረ። ሰሚሃ ተጠርጣሪን ስታፋጥጥ ብዙ ዘዴ ታውቃለች፤ ሐሰት ግን ተናግራ አታውቅም ነበር።

«አልጠራዎትም» አለች። «ልጅቱ ተደናግጣ ነው። ውሃው ወዲያው ነው የወሰደው። ምንም አላለም።»

ሙስዓብ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። «አላህ ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ቤቴ እኮ ውሃው ዳር ነው። ሰምቼዋለሁ። ‹በለው ሙስዓብ› አለ፤ ዝም አልኩ። ደግሞ አለ። በሆዴ ‹ጋሼ ዘይኑ፣ ለዛሬ ይለፈኝ፣ የጎረቤት ልጅ ሞታለች› እያልኩ ጋቢዬን ተከናነብኩ። ሦስተኛውን ሲጠራኝ ድምፁ ርቆ ነበር። ሰለቸውና ሄደ ብዬ ተኛሁ።»

በዙለይሃ ደረት ላይ ያለው ስልክ ደግሞ ጮኸ፤ ጣቷ ነካውና ተከፈተ።

«ሃሎ? እማ? አባባ ሙስዓብ?» ትላለች ሱንዱስ። «ድምፃችሁ ጠፋብኝ እኮ። የት ናችሁ? ሃሎ?»

የመለሰላት አልነበረም።